የጃፓን ሜፕል ለምትተክሉ፦ አንገቱን አትቅበሩት

የመጀመሪያዋን የጃፓን ሜፕል የገደልኳት እኔው ነኝ። ውኃ ጠምቷት አይደለም። በሽታም አልነበረባትም። ሜሪላንድ ቤት በገዛን ዓመት ጎረቤታችን ደጅ ላይ በፎል እንደ ፍም የምትቀላ ዛፍ አይቼ ቀናሁ። በሳምንቱ ሄጄ አንዷን ገዛሁ፣ እስከ ጉልበቴ የሚደርስ ጉድጓድ ቆፈርኩ፣ ማዳበሪያ ነሰነስኩ፣ ግንዷ ላይ አፈር ከምሬ በጫማዬ ጠቀጠቅኩ። ከዚያ ጠዋት ውኃ፣ ማታ ውኃ። በሁለተኛው ሰመር ቅርንጫፎቿ ከጫፍ ጀምረው መድረቅ ያዙ።

እናቴ ያኔ ከአዲስ አበባ መጥታ እኛ ጋ ነበረች። ነጠላዋን አጣፍታ ዛፏን ዞር ዞር ብላ አየቻትና ጎንበስ ብላ ግንዷ ሥር ያለውን አፈር በጣቷ ጫር ጫር አደረገችው። ጣቷ እስከ መዳፏ ገባ፣ ሥር የሚባል ነገር አላገኘችም። «አንተ ልጅ፣ አንገቷ ድረስ ቀብረሃት በምን ትተንፍስ?» አለችኝ። እናቴ የምታውቀው ጌሾና ቡና ነው፣ ሜፕል በሕይወቷ አይታ አታውቅም። ግን ልክ ነበረች። በኋላ ነቅዬ ሳያት የግንዷ ቅርፊት ከአፈር በታች በስብሶ እንደ እርጥብ ካርቶን እየተላጠ ወጣ።

ከዚያ ወዲህ አራት ተክያለሁ፣ አራቱም አሉ። ወዳጅ ዘመድ ቤት በገዛ ቁጥርም ስልኬ ይጠራል። እንግዲህ በስልክ የምለውን ሁሉ እዚህ ልጻፈው።

መጀመሪያ ዛፉን እወቁት

የጃፓን ሜፕል በጃፓንና በኮርያ ደኖች ውስጥ ከትልልቅ ዛፎች ሥር የሚያድግ ትንሽ ዛፍ ነው። ይቺን ነገር ያዙ፣ የቀረው ሁሉ ከእሷ ይመጣል። ጠዋት ፀሐይ ትነካዋለች፣ ከሰዓት ትልልቆቹ ያጠሉለታል። አፈሩ የረገፈ ቅጠል የበሰበሰበት፣ እርጥብ ግን ውኃ የማይቋጥር ነው። ማንም ማዳበሪያ አይሰጠውም።

ጃፓኖች «ካኤዴ» ይሉታል፣ «የእንቁራሪት እጅ» ከሚል የድሮ አባባል የመጣ ነው ይባላል። ካርል ፒተር ቱንበርግ የሚባል ስዊድናዊ የዕፅዋት ሊቅ ደግሞ በ1784 «አሴር ፓልማቱም» ብሎ ሳይንሳዊ ስም አወጣለት። ፓልማቱም ማለት መዳፍ የመሰለ ነው። አንዱ እንቁራሪት ታየው፣ አንዱ የሰው እጅ። ቅጠሉን እጃችሁ ላይ ብታስቀምጡት ሁለቱም አልዋሹም።

ሰፈራችሁ ይሆነዋል ወይ?

የአሜሪካ የግብርና መሥሪያ ቤት አገሩን በዊንተር ብርዱ መጠን በዞን ከፋፍሎታል። ካርታው በ2023 ታድሷል፣ ዚፕ ኮዳችሁን ስታስገቡ ቁጥራችሁን ይነግራችኋል። ይህ ዛፍ ባብዛኛው የሚመቸው ከዞን 5 እስከ 8 ነው። ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያላችሁ ምንም አትጨነቁ። ሲያትል ያላችሁማ እድለኞች ናችሁ፣ ሰመሩ ቀዝቀዝ ስለሚል በየደጁ ያምራል። አትላንታ ይሆናል፣ የከሰዓት ጥላ ግን ግድ ነው። ዳላስ ላይ ሙቁ ነፋስና ኖራ የበዛበት አፈር ያስቸግራል፤ የሚተክሉ አሉ፣ ጥላ ውስጥና በብዙ ክትትል። ሚኒያፖሊስ ግን ብርዱ ሊገድለው ይችላል። እዚያ ያላችሁ የኮርያ ሜፕል የሚባለውን ዘመዱን ፈልጉ፣ መልኩ በጣም ይቀራረባል፣ ብርድም ይችላል። ላስ ቬጋስ ያለው ወንድሜ «እኔስ?» ብሎኝ ነበር። ሮማን ትከል አልኩት።

የትኛውን ልግዛ?

በመቶዎች የሚቆጠር ዓይነት ስላለው ችግኝ ቤት ስትገቡ ዓይናችሁ ይዋልላል። ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ መልሱ፤ ቀጥ ብሎ የሚያድግ ነው የምፈልገው ወይስ እንደ ጃንጥላ የሚንጠለጠል?

ቀጥ ብሎ ከሚያድገው ቀይ ውስጥ ብለድጉድ የሚባለው የታወቀ ነው። ከ15 እስከ 20 ጫማ ይደርሳል፣ ቀለሙም ሰመሩን በደንብ ይይዛል። ለጀማሪ ይሄንኑ ነው የምመክረው። ኤምፐረር ዋን ከእሱ ይመሳሰላል፣ በስፕሪንግ ትንሽ ዘግየት ብሎ ስለሚያቆጠቁጥ ድንገተኛ ውርጭ ያመልጠዋል። ኦሳካዙኪ ሰመር ላይ አረንጓዴ ሆኖ ሰው ዞር ብሎ አያየውም፣ ፎል ሲመጣ ግን የሰፈሩን ዛፍ ሁሉ ያስንቃል። ሳንጎ ካኩ ደግሞ ቅጠሉ ከረገፈ በኋላ ነው የሚያምረው፣ ቅርንጫፎቹ በበረዶ ውስጥ ቀይ ሆነው ይታያሉ።

ከሚንጠለጠሉት ክሪምሰን ክዊንና ታሙኬያማ ቀይ ናቸው፣ ቅጠላቸው እንደ ዳንቴል የተተለተለ ነው። ቁመታቸው ብዙ አይሄድም፣ ወደ ጎን ግን ከ10 ጫማ በላይ ሊሰፉ ይችላሉ። መግቢያ በር አጠገብ ተክለው ከአሥር ዓመት በኋላ በጎን እየተሽሎከሎኩ የሚገቡ ሰዎች አውቃለሁ።

እርግጠኛ ካልሆናችሁ ሳትገዙ ሄዳችሁ እዩ። ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ላላችሁ ዊተን ያለው ብሩክሳይድ ጋርደንስ የሚባለው የአትክልት ስፍራ ቅርብ ነው፣ መግቢያውም ነፃ ነው። ዋሽንግተን ያለው ናሽናል አርቦሬተምም እንደዚያው። ከኦክቶበር መጨረሻ እስከ ኖቬምበር አጋማሽ ሂዱ፣ ልጆቹንም ይዛችሁ።

ስትገዙ ትልቁን አትሻሙ። ትልቁ ውድ ነው፣ ሲተከልም ብዙ ይደነግጣል። ትንሹ ቶሎ ሥር ይሰድና በጥቂት ዓመት ይደርስበታል። ግንዱን በጥፍራችሁ ትንሽ ጫር አድርጉ፣ ከሥሩ አረንጓዴ ከሆነ ሕያው ነው፣ ቡናማና ደረቅ ከሆነ መልሱት። ከዚያ ሻጩን አስፈቅዳችሁ ከፖቱ ጎተት አድርጉት። ሥሩ እንደ ስፕሪንግ ፍራሽ ሽቦ ተጠማዞ ፖቱን ከዞረ ብዙ ዓመት እዚያ ውስጥ ታስሮ ኖሯል ማለት ነው። ሌላ ፈልጉ።

አንድ ነገር ደግሞ፤ ስም ያለው ዓይነት ሁሉ ማለት ይቻላል የተዳቀለ ነው። ከታች ያለው ሥርና ግንድ ተራ አረንጓዴ ሜፕል ነው፣ ከላይ የተጣበቀው ነው ብለድጉድ የሚባለው። የተጣበቀበት ቦታ ግንዱ ላይ እንደ ጠባሳ ወይም እንደ እብጠት ይታያል። የት እንዳለ አስታውሱ፣ በኋላ እንፈልገዋለን።

ቦታ

የጠዋት ፀሐይ፣ የከሰዓት ጥላ። ስለዚህ የቤታችሁ ምሥራቅ ወይም ሰሜን ምሥራቅ በኩል ጥሩ ነው። ጭራሽ ጥላ ውስጥ ካስገባችሁት ቀዩ ወደ አረንጓዴ ይደበዝዛል፣ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ካሰጣችሁት ደግሞ ኦገስት ላይ የቅጠሉ ጫፍ ይቃጠላል። ነፋስ የሚያፏጭበት ጥግ አይሁን። ከኤሲው ማሽን ፊት ለፊትም አይሁን፣ የሚተፋው ሙቅ አየር ያነደዋል።

ቀጥ ብሎ የሚያድገውን ከቤቱ ግድግዳ 10 ጫማ ያህል አርቁት። ድንኩን ተንጠልጣይ 6 ጫማ ይበቃዋል። አሁን ሲታይ ባዶ ይመስላል፣ ታገሱ።

እኛ ሐበሾች ላይ የሚብስ አንድ ጣጣ አለ። ጓሯችን ውስጥ ፀሐይ ያለው ቦታ ሁሉ ቃሪያና ቲማቲም ነበረበት። ቨርቲሲሊየም የሚባል አፈር ውስጥ የሚኖር ፈንገስ አለ፤ ቲማቲም፣ ድንች፣ ደበርጃንና ቃሪያ ያጠቃል፣ ሜፕልንም ይገድላል፣ አፈር ውስጥም ለብዙ ዓመት ይቆያል። ስለዚህ ቲማቲማችሁ በደህና ውኃ ሳለ ከአንድ ጎኑ እየጠወለገ የሞተበት መደብ ላይ ይሄን ዛፍ አትትከሉ።

የአፈሩን ውኃ አያያዝ ለመፈተን አንድ ጫማ ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍሩ፣ ውኃ ሙሉት፣ ሲሰርግ እንደገና ሙሉት። ሁለተኛው ውኃ በሰዓት አንድ ኢንች ያህል ከወረደ መልካም ነው። በማግስቱ ስትነሱ አሁንም ኩሬ ከሆነ እዚያ ቦታ ላይ መሬት ውስጥ አትቅበሩት፣ ከፍ አድርጋችሁ ነው የምትተክሉት። እንዴት እንደሆነ አሁን እመጣበታለሁ።

መቼ?

ከመስቀል እስከ ጥቅምት መጨረሻ። ለዲሲ አካባቢ ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም። አየሩ ቀዝቅዟል፣ አፈሩ ግን ገና ሞቃት ስለሆነ ሥሩ ሳይቸኩል ይሠራል። ይህ ካመለጣችሁ ማርችና ኤፕሪል አለ። ሰመር ላይ መትከል ይቻላል፣ ግን ቬኬሽን የሚባል ነገር እርሱት፣ ባልዲ ይዛችሁ ነው የምትከርሙት።

ጉድጓዱ

አካፋ ከማንሳታችሁ በፊት 811 ደውሉ። ነፃ ነው። ከመቆፈራችሁ ጥቂት የሥራ ቀናት ቀደም ብላችሁ ስትነግሯቸው ሰው ልከው የተቀበሩ መስመሮችን በቀለምና በባንዲራ ያሳዩዋችኋል። ቢጫ ጋዝ ነው፣ ቀይ ኤሌክትሪክ፣ ሰማያዊ ውኃ፣ ብርቱካናማ ስልክና ኢንተርኔት፣ አረንጓዴ ፍሳሽ። የቤት ባለቤቶች ማኅበር ያለበት ሰፈር ከሆናችሁ ደግሞ ፊት ለፊት ለመትከል ፈቃድ ያስፈልግ እንደሆነ ጠይቁ፣ አንድ ወዳጄ የተከለውን አስነቅለውታል።

አሁን እናቴ «አንገት» ያለችውን ፈልጉ። የማንኛውም ዛፍ ግንድ መሬት ጋ ሲደርስ እንደ መለከት አፍ ሰፋ ይላል፣ ከዚያ ወደ ሥር ይከፋፈላል። ያ የሚሰፋበት ቦታ ነው አንገቱ። አየር ላይ መሆን አለበት። የሚያስቸግረው ነገር ብዙ ጊዜ ከፖቱ ውስጥ ራሱ ተቀብሮ መምጣቱ ነው፣ ስለዚህ ፖቱ ላይ ያለው የአፈር ከፍታ አያታላችሁ። የላይኛውን አፈር በጣታችሁ ጥረጉት፣ የመጀመሪያዎቹ ወፋፍራም ሥሮች እስኪወጡ። እኔ ባለፈው ዓመት የተከልኳት ላይ ሦስት ኢንች አፈርና ቀጫጭን የፀጉር ሥር አንስቼ ነው ያገኘሁት።

የጉድጓዱን ጥልቀት የምትለኩት ከዚያ አንገት ጀምሮ እስከ ሥሩ ታች ነው፣ ከዚያም አንድ ኢንች ያህል አጉድሉ። ስፋቱ ግን ከሥሩ ሁለትና ሦስት እጥፍ ይሁን። ባጭሩ ጉድጓዱ ድስት ሳይሆን ምጣድ ይምሰል። የታችኛውን መሬት አታላሉት፣ ከላላ ዛፉ በኋላ ይሰምጣል። ጎኖቹ አካፋ ነክቷቸው እንደ ሸክላ ከተወለወሉ በዶማ ሸካራ አድርጓቸው፣ ሥር የተወለወለ ጭቃ አይበሳም። የቨርጂኒያ ቀይ ጭቃ ያለባችሁ ይሄን እንዳትዘሉ።

ታች ጠጠር አታድርጉ። ውኃ ያሳልፋል ተብሎ ይታሰባል እንጂ ነገሩ ግልባጭ ነው፤ ውኃ ከደቃቅ አፈር ወደ ጠጠር ቶሎ አይወርድም፣ ከጠጠሩ በላይ ቆሞ ሥሩን ያበሰብሳል። ጉድጓዱን በብስባሽ ብቻ መሙላትም አያዋጣም። ሥሩ ምቾት ያገኝና ከዚያች ጉድጓድ አልወጣም ይላል። የወጣውን አፈር ራሱን መልሱት፣ ብስባሹን ከላይ ትደርቡታላችሁ።

ዛፉን ከፖቱ ስታወጡ ግንዱን ይዛችሁ አትጎትቱ፣ ፖቱን ገልብጣችሁ ከሥሩ ደግፉ። ዙሪያውን የዞሩ ሥሮች ካሉ በእጃችሁ ፈታ ፈታ አድርጉ፣ እምቢ ያለውን በስለታም መቀስ ቁረጡት። አይዟችሁ። ያልተቆረጠ ጠምዛዛ ሥር ከዓመታት በኋላ ግንዱን እንደ ገመድ ያንቃል። ሥሩ በጆንያና በሽቦ ታስሮ የመጣ ከሆነ ጉድጓዱ ውስጥ ካቆማችሁት በኋላ የላይኛውን ሽቦና ጆንያ ቆርጣችሁ አውጡ። ግንዱ ላይ የታሰረ ሲባጎ ካለ እሱም ይውጣ።

አስገቡትና የአካፋውን እጀታ በጉድጓዱ ላይ አጋድሙ። አንገቱ ከእጀታው ጋር እኩል ወይም ትንሽ ከፍ ያለ መሆን አለበት። ዝቅ ካለ አውጡና ከሥሩ አፈር ጨምሩ፤ ሰልችቷችሁ «ይሁን» እንዳትሉ። ውኃ የማይሰርግ ቦታ ላይ ከሆናችሁ ከመሬቱ ሦስት አራት ኢንች፣ ካስፈለገም ከዚያ በላይ ከፍ አድርጉትና አፈሩን ከዳር እስከ ዳር በቀስታ እየተዳፋ እንዲወርድ አድርጋችሁ ሙሉት፤ ሥሩን ትሸፍናላችሁ፣ አንገቱን ግን አትነኩም። ጉብታ ላይ የተቀመጠ ይመስላል፣ ያምራልም።

አፈሩን ስትመልሱ በእግራችሁ አትርገጡ። ግማሽ ድረስ ሙሉ፣ ውኃ አፍስሱ፣ አየሩ ቡልቅ ቡልቅ እያለ ይወጣል፣ ከዚያ ቀሪውን ሙሉና እንደገና አጠጡ። እንጨት ማቆም አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም። ነፋስ ካለ አላላችሁ እሰሩት፣ በዓመቱ ፍቱት።

ጉዝጓዝ

አገር ቤት ቡና ተክል ሥር ቅጠልና ሣር የሚጎዘጎዘው አፈሩ እንዳይደርቅ ነው፣ እዚህም ያው ነው። ከ2 እስከ 3 ኢንች የእንጨት ፍቅፋቂ ዙሪያውን አልብሱት። ከግንዱ ግን አንድ ጭብጥ ያህል አርቁት። በየሰፈሩ ግንድ ላይ እንደ እሳተ ገሞራ ተራራ ተከምሮ ታያላችሁ፣ ገንዘብ ተከፍሎበት የሚሠራ ስህተት ነው። ጉዝጓዙ ዳቦ ሳይሆን ቀለበት ይምሰል፣ መሃሉ ባዶ።

የቡና አተላ ጉዳይ ሁልጊዜ ይነሳል። ከሦስተኛው ስኒ በኋላ ጀበናውን ዛፉ ሥር መገልበጥ ልማዳችን ነው። ስስ አድርጋችሁ በትናችሁ ከጉዝጓዙ ጋር ብትቀላቅሉት አይጎዳም። እዚያው አንድ ቦታ በየቀኑ ከተደፋ ግን ይጋገርና ውኃ የማያስገባ ቅርፊት ይሠራል። ብስባሽ ክምራችሁ ውስጥ ብትጨምሩት ይሻላል።

ውኃ

ከቀብር ቀጥሎ ብዙ ሜፕል የሚሞተው እዚህ ላይ ነው። ተጠምቶም ጠግቦም ቅጠሉ አንድ ዓይነት ይጠወልጋል፣ ሰው ደግሞ የጠወለገ ሲያይ ጎማ ያነሳል። ስለዚህ ቅጠሉን ሳይሆን አፈሩን ጠይቁ። ጣታችሁን ሁለት ሦስት ኢንች አስገቡ። እርጥብና ቀዝቃዛ ከሆነ ተዉት። ደረቅ ከሆነ አጠጡ።

መነሻ እንዲሆናችሁ፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በየሁለት ሦስት ቀኑ፣ ከዚያ በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ፣ በደንብ ሰርጎ እንዲገባ። ሳምንቱን አንድ ኢንች ከዘነበ የእናንተ አያስፈልግም። የኔ ዘዴ ባለ 5 ጋሎን ባልዲ ነው። ከባልዲው ታች ሁለት ትንንሽ ቀዳዳ በምስማር በስቼ ዛፉ ጎን አስቀምጠዋለሁ፣ ሞልቼው ወደ ሥራ እሄዳለሁ፣ እሱ በዝግታ ያንጠባጥባል። የሣር ማጠጫው በየቀኑ አሥር ደቂቃ ቢረጨው ላዩን ብቻ ነው የሚያርሰው፣ ሥሩም ላይ ላዩን ይቀራል።

ፎል ላይም አታቁሙ፣ መሬቱ እስኪቀዘቅዝ። ከሁለት ሦስት ዓመት በኋላ ድርቅ ካልሆነ በስተቀር ራሱን ይችላል።

ማዳበሪያ? በመጀመሪያው ዓመት ምንም። ከዚያ በኋላ በስፕሪንግ መግቢያ ላይ ብስባሽ ከላይ ብታለብሱት ይበቃዋል። ለሣር የሚሸጠውን አረም የሚያጠፋ ማዳበሪያ ግን አጠገቡ አታድርሱ፣ መድኃኒቱ ዛፍንም ይጎዳል።

መግረዝ

መጀመሪያ መቀሱን አስቀምጡና ተመልከቱት። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ዓመታት የሞተና የተሰበረ ብቻ ነው የሚቆረጠው። የሞተ ቅርንጫፍ ግራጫ ይሆናል፣ ስታጥፉት ቀጭ ይላል። በማንኛውም ጊዜ ይውጣ።

ለቅርጽ የምትገርዙት ከሆነ ቅጠሉ ረግፎ እንቅልፍ ላይ ሳለ ወይም ሰመር መሃል ላይ ይሁን። ስፕሪንግ ሊገባ ሲል ከቆረጣችሁት ግን ፈሳሹ እየወጣ ስለሆነ ቁስሉ ሲያነባ ይሰነብታል። ፓንኬክ ላይ የምናፈሰው የሜፕል ሽሮፕ በዚያው ወቅት ከዘመዱ ዛፍ የሚቀዳ መሆኑን አስቡት። ከግንዱ ጋር አስተካክላችሁ አትላጩት፣ ቅርንጫፉ ከግንዱ የሚነሳበት ያበጠ ቀለበት አለ፣ ከእሱ ወጣ ብላችሁ ቁረጡ፣ ቁስሉን የሚደፍነው እሱ ነው። ቀለም አትቀቡት። በአንድ ዓመት ውስጥ ከዛፉ ሩብ እጅ በላይ አታንሱ። የአጥር መከርከሚያ ማሽን ካነሳችሁበት እኔና እናንተ አንተዋወቅም።

ተንጠልጣዩን ስትገርዙ ከሥሩ ገብታችሁ ወደ ላይ እዩት። የተሻገሩትንና ውስጥ ለውስጥ የደረቁትን ቀጫጭኖች አውጡ፣ ፀሐይዋ በመሃሉ ነጠብጣብ ሆና መሬት ላይ ስታርፍ አቁሙ።

ያቺን የድቅል ጠባሳ አሁን አስታውሱ። ከእሷ በታች አረንጓዴና ፈጣን ቀንበጥ ከወጣ የታችኛው ዛፍ ነው፣ ቶሎ አንሱት። ከተዋችሁት የከፈላችሁበትን ቀይ ዛፍ አልፎ ይሄዳል። «ሜፕሌ ወደ አረንጓዴ ተቀየረ» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ችግሩ ይሄው ነው።

ሲያማቸው

በፍልሰታ ሰሞን የቅጠሉ ዳር ቡናማ ሆኖ ቢኮማተር ከሙቀት ነው። አይገድለውም፣ በመጪው ዓመት አዲስ ያወጣል። በየዓመቱ ከሆነ ጥላ ፈልጉለት።

ኤፕሪል ላይ ገና ለጋ ቅጠል አውጥቶ ሳለ ውርጭ ከተባለ ማታ አሮጌ አንሶላ እስከ መሬት አልብሱት፣ ጠዋት ግፈፉት። ፕላስቲክ አይሆንም። ውርጩ ከቀደማችሁ ቅጠሉ የተቀቀለ ጎመን ይመስላል፣ ግን አብዛኛውን ጊዜ እንደገና ያቆጠቁጣል።

ጁንና ጁላይ ላይ አረንጓዴና መዳብ የመሰለ የሚያብለጨልጭ ጢንዚዛ ቅጠሉን ወንፊት ያደርገዋል። ይህም ከጃፓን የመጣ ነው፣ አሜሪካ ውስጥ መጀመሪያ የታየው በ1916 ኒው ጀርሲ ላይ ነው። ጠዋት በማለዳ ሲፈዝዙ በሳሙና ውኃ ባልዲ ውስጥ እያራገፋችሁ ጣሏቸው። የሚሸጠውን ወጥመድ አትስቀሉ፣ የጎረቤትን ጢንዚዛ ሁሉ ይጠራላችኋል። ልጆቼን በአንድ ጢንዚዛ 5 ሳንቲም እከፍላቸው ነበር፣ ዋጋው ተወደደና ተውኩት።

ድንገት አንድ ወገን ብቻ ጠውልጎ ቢደርቅ፣ የደረቀው ቅርንጫፍ ሲቆረጥም ውስጡ የጠቆረ መስመር ካለው፣ ያ ቨርቲሲሊየም ሊሆን ይችላል። መድኃኒት የለውም። የሞተውን ቁረጡ፣ መቀሱን በአልኮል ጥረጉ፣ ውኃውን አስተካክሉ፤ አንዳንዱ ብዙ ዓመት ይኖራል። ከሞተ እዚያው ቦታ ሌላ ሜፕል አትተኩ።

አጋዘን ያለበት ሰፈር ከሆናችሁ ከሴፕቴምበር ጀምሮ ወንዱ ቀንዱን ወጣት ግንድ ላይ እያሸ ይልጠዋል። ግንዱን በሽቦ ወንፊት ክበቡት። በረዶ ስትጠርጉም ጨው ያለበትን በዛፉ ላይ አትከምሩ።

ግቢ ለሌላችሁ

በረንዳ ላይ በፖት ይሆናል። ድንኩን ዓይነት ምረጡ፣ ፖቱ ቀዳዳ ይኑረው፣ የጓሮ አፈር ሳይሆን ለፖት የሚሸጠውን አፈር ተጠቀሙ። ሙቀት ሲበረታ በየቀኑ ውኃ ይፈልጋል። በየሁለት ሦስት ዓመቱ አውጥታችሁ የዞረውን ሥር ቁረጡና አፈሩን አድሱ። ዊንተር ላይ ፖት ውስጥ ያለ ሥር ከመሬት ውስጥ ካለው ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ ስለዚህ ብርዱ ሲጠና ማሞቂያ የሌለው ጋራዥ ውስጥ አስገቡት። ሳሎን ግን አይገባም። ይህ ዛፍ ብርድ አግኝቶ መተኛት አለበት። በዚሁ ምክንያት አዲስ አበባም አያዋጣውም፣ እውነተኛ ዊንተር ካላገኘ እምቡጡ በደንብ አይነቃም። ዘርና ችግኝ ድንበር ለማሻገር ደግሞ የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት ይጠየቃል፣ ሻንጣ ውስጥ ሸጉጣችሁ እንዳትሞክሩ።

ከዛፉ ሥር የሚበቅሉት

ዛፋችሁ ሲጎለምስ ክንፍ ያለው ዘር ይረግፋል። በስፕሪንግ ጉዝጓዙ ውስጥ ጥፍር የምታክል ባለ አምስት ጣት ቅጠል ካያችሁ አትንቀሏት። በሻይ ማንኪያ ከነአፈሯ ዝቅ አድርጋችሁ አንሷት፣ ሥሩ የተበሳ የእርጎ ኩባያ ውስጥ ትከሏት፣ ጥላ ውስጥ አስቀምጧት። እናቷን ላትመስል ትችላለች፣ ከዘር የበቀለ እንደ ሰው ልጅ ነው፣ መልኩ አይታወቅም። ዘንድሮ ሰባት ይዣለሁ። ሦስቱ ቀይ ናቸው፣ አንዷ ገና አልለየላትም። ከቀዮቹ አንዷን ያኔ ላስቀናኝ ጎረቤቴ ሰጥቼዋለሁ፣ ሲተክላት አካፋውን አጋድሜ የለካሁለት እኔ ነኝ።